ጥርስ ሲወልቅ ያዩበትን ሕልም እንዴት ይፈቱታል? ከመንጋጋ እስከ መስታወት

የሕልም ማስታወሻ እንደምይዝ የሚያውቁ ሰዎች ፈጠነም ዘገየም አንድ ጥያቄ ይዘውልኝ ይመጣሉ፦ «ጥርሴ እየተፈረፈረ መዳፌ ላይ ሲወድቅ አየሁ፤ ምን ሊደርስብኝ ነው?» አንዳንዱ ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ፊቱ ይለዋወጣል። የላይኛው ጥርስ ከወለቀ ይህ ዘመድ፣ የታችኛው ከሆነ ያ ዘመድ ይሞታል ሲባል ሰምቷል፤ ከነቃበት ሰዓት ጀምሮ የዘመዶቹን ስም ሲቆጥር ነግቶበታል። ያንኑ መልስ ለእያንዳንዱ ከመድገም ደረጃ በደረጃ ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ይኸው ጻፍኩት።

አስቀድመን አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ይህ ሕልም ስለ ነገ አይናገርም። ሊነግርዎ የሚችለው ከሁለት ነገሮች አንዱን ነው፤ ወይ ሌሊት አፍዎ ውስጥ ምን ሲካሄድ እንደነበር፣ ወይ በዚህ ሰሞን ራስዎን በምን ዓይን እያዩ እንደሆነ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱ ተደባልቀው ይመጣሉ። የሚከተሉት ደረጃዎች ሥራቸው እነዚህን ሁለቱን መለየት ስለሆነ አይዝለሏቸው። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ስድስተኛው ነው፤ የሚሳሳተውም ሦስተኛውን ስለዘለለ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

– አንድ ደብተር እና እስክሪብቶ፤ ከአልጋው ሳይነሱ እጅዎ የሚደርስበት ቦታ ያስቀምጧቸው።
– ዓይን የማይወጋ ደብዛዛ መብራት።
– ትንሽ የእጅ መስታወት፤ ጥርስዎንና ምላስዎን ለመመልከት።
– ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ለሦስት ሳምንት።

ስልክ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ያልገባው ተረስቶ አይደለም። ሕልም ለመጻፍ ብለው ስልክ ሲያነሱ መጀመሪያ የሚያዩት ሌሊት የገባውን መልእክት ነው፤ መልእክቱን አንብበው ሲጨርሱ ሕልሙ የለም።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

አዋቂ ሰው ሆነው ሳሉ በቁምዎ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ የሚደማ ድድ ወይም የማይለቅ ሕመም ካለብዎ ይህን መመሪያ እጠፉትና የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የሚላላ ጥርስ በአብዛኛው የድድ በሽታ ምልክት ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት ሊተርፍ ይችላል።

ሁለተኛው፦ ሕልም አይተው ለማንም ደውለው «ተጠንቀቅ» አይበሉ። እርስዎ ጠዋቱን ተገላግለውት ሥራዎ ሲገቡ፣ የተደወለለት ሰው ሳምንቱን ሙሉ ፍርሃቱን ተሸክሞ ይከርማል።

ደረጃ 1፦ ሲነቁ አይንቀሳቀሱ

ዓይንዎን ሳይገልጡ፣ ነቅተው ራስዎን ባገኙበት አኳኋን ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩ። የመጨረሻውን ምስል ይያዙና ወደ ኋላ ይሂዱ፦ «ከዚህ በፊት የት ነበርኩ? ከዚያስ በፊት?» ምስሉ ቢጠፋብዎም ስሜቱ አይጠፋምና እሱን ይያዙ። ብዙ ጊዜ ስሜቱ ምስሉን ጎትቶ ያመጣዋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። እንቅልፋችን እያንዳንዳቸው 90 ደቂቃ ያህል በሚወስዱ ዙሮች ይከፈላል። በየዙሩ መጨረሻ ዓይናችን ከሽፋሽፍቱ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ክፍል አለ፤ ታሪክ ያላቸው ደማቅ ሕልሞች በብዛት የሚታዩት ያኔ ነው። ይህ ክፍል ወደ ንጋት እየረዘመ ስለሚሄድ የጥርሱ ሕልም ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ሊነጋ ሲል ነው። አእምሮ በዚያ ሰዓት አዲስ ትውስታን አጥብቆ አያስቀምጥም። ሲገላበጡና ሲነሱ የሚመጣው አዲስ ነገር ሁሉ ገና ያልረጋውን ሕልም ይጠርገዋል። በሚያስደነግጥ የማንቂያ ደወል የሚነቃ ሰው ሕልም አላይም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ያያል፣ ግን አይዘውም።

ደረጃ 2፦ ሳይፈቱት ይጻፉት

«ቆሜያለሁ፣ አፌን ስከፍት ጥርሴ ይወድቃል» እያሉ አሁን እየሆነ እንዳለ ይጻፉ። በዚህ አኳኋን ሲጻፍ ዝርዝሩ ተከትሎ ይመጣል፤ «ጥርሴ ወልቆ አየሁ» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ከዘጉት ግን ለመፍታት የሚሆን ነገር አይተርፍዎትም። የገጹን ቀኝ ግማሽ ባዶ ይተዉት፤ ኋላ ይፈለጋል። ቀን ይጻፉበት።

ለጥርስ ሕልም በተለይ እነዚህን አይርሱ፦ የትኛው ጥርስ እንደሆነ (የፊት፣ ክራንቻ፣ የመንጋጋ)፤ እንዴት እንደሆነ (ላላ፣ ተሰነጠቀ፣ ተፈረፈረ፣ በሰበሰ፣ ሰው ነቀለው፣ ራስዎ ነቀሉት)፤ ደም ወይም ሕመም እንደነበረው፤ ጥርሱ የት እንደገባ (መዳፍ ላይ፣ መሬት ላይ፣ ተዋጠ፣ ጠፋ)፤ ማን እንዳየዎት፤ መስታወት እንደነበረ። ከእነዚህ ሁሉ በጣም የሚረሳው «ማን እንዳየዎት» የሚለው ነው፤ በጣም የሚፈለገውም እሱ ነው።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ አፍዎን ይመርምሩ

ጻፉ? አሁን ከአልጋዎ ላይ ሳሉ የሚከተሉትን ይፈትሹ። ጠዋት ካልታዩ ከሰዓት በኋላ ብዙዎቹ ይጠፋሉ።

– መንጋጋዎ ደክሟል? አፍዎን በሰፊው ሲከፍቱ ይይዝዎታል ወይስ ይንቋቋል?
– የራስ ምታት አለ? በተለይ ከጆሮዎ በላይ ባሉት ጎንና ጎን?
– ጥርስዎ ወይም ድድዎ ተወጥሮ የቆየ ይመስላል?
– በመስታወቱ ምላስዎን ይዩ፤ ዳርና ዳሩ የጥርስ ቅርጽ ታትሞበታል?
– የጥርስዎ ጫፍ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል?
– አብሮዎት የሚተኛ ሰው ጥርስ ሲያፋጩ ሰምቶዎት ያውቃል?

ከእነዚህ ሁለትና ከዚያ በላይ ካሉ ባዶ በተዉት ግማሽ ገጽ ላይ በትልቁ «አፍ» ብለው ይጻፉ።

ይህን ደረጃ ያስገባሁት ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። በ2018 የወጣ አንድ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት 210 ሰዎችን ስለ ሕልሞቻቸውና ስለ ጠዋት ስሜታቸው ጠይቆ ነበር። የጥርስ ሕልም ማየት ሲነቁ በጥርስ፣ በድድና በመንጋጋ ከሚሰማ ውጥረት ጋር ተያይዞ ተገኘ። ከሥነ ልቦና ጭንቀት ጋር ግን ግንኙነት አልታየበትም፤ እንደ መውደቅ ያሉ ሌሎች የተለመዱ ሕልሞች ግን ታይቶባቸዋል። አብሮ መታየት መንስኤነትን አያረጋግጥም፤ ያም ሆኖ «ጥርሱ የወለቀበት ሰው ሁሉ ውስጡ የተጨነቀ ነው» ለሚለው አባባል ትልቅ ልጓም ነው። የተኛ አእምሮ ከሰውነት የሚመጣውን ስሜት አይጥለውም፤ ታሪክ ይሠራለታል። እግሩ ከብርድ ልብስ የወጣ ሰው በሕልሙ ወንዝ እንደሚሻገረው፣ ሌሊቱን ጥርሱን ሲጫን ያደረ ሰው ጥርሱ ሲሰበር ቢያይ አያስገርምም።

እኔ ራሴ የተማርኩት በዋጋ ነው። የመንጋጋ ጥርሴ ለሁለት ሲከፈል ደጋግሜ እያየሁ አንድ ወር ሙሉ «እርጅናን ስለፈራሁ ነው» እያልኩ ደብተር ሞላሁ። አፈታቴ ያምር ነበር። ለሌላ ጉዳይ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ግራ መንጋጋዬ ላይ ስንጥቅ ተገኘ፤ ተጠገነ፤ ሕልሙም ዳግም አልመጣም። ከዚያ ወዲህ መንጋጋን መፈተሽ ከመፍታት በፊት ሆነ።

«አፍ» ብለው ጻፉ ማለት ግን ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። ጥርስ ማፋጨት ውጥረት ሲበዛ ይባባሳል፤ ስለዚህ ውጥረቱ ከየት እንደመጣ የሚጠይቁት ቀሪዎቹ ደረጃዎች ይሠራሉ። ከመተኛት በፊት የሚጠጣ አልኮል፣ ቡና፣ ሲጋራ፣ በእንቅልፍ ጊዜ የሚቋረጥ ትንፋሽ፣ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችም ከዚህ ጋር ይያያዛሉ። መድኃኒቱን በራስዎ ሥልጣን አያቁሙ፤ ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ። ምልክቶቹ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠሉ የጥርስ ሐኪም ይዩ፤ ማታ ማታ የሚጠለቅ የጥርስ መከላከያ ሊሠራልዎ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ያለፉትን ቀናት ይበርብሩ

ትናንትንና ከትናንት በስቲያን ይዩ፤ ከዚያ ዘለው ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ወደ ኋላ ይመለሱ። ነገሮች ወደ ሕልም የሚገቡት ወዲያውኑ ብቻ ሳይሆን ሳምንት ያህል ቆይተውም እንደሆነ የሕልም ተመራማሪዎች ደጋግመው አይተዋል፤ ሰዎች ግን ትናንትን ብቻ ፈልገው «ምንም አልነበረም» ይላሉ።

የሚፈለገው ተራ ነገር ነው፦ የጥርስ ቀጠሮ፣ ጠንካራ ነገር መንከስ፣ ፎቶግራፍ መነሳት፣ አንድ ሰው ስለ መልክዎ ወይም ስለ አነጋገርዎ የጣለው ቃል፣ የወተት ጥርሱ የወለቀ ልጅ። ያገኙትን በቀኝ በኩል ይጻፉ፤ «አፍ» ብለው ጽፈው ከሆነ ከሥሩ። ሕልሙን ያየው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ ከሆነ እዚህ ላይ ይቁሙ። በእርግጥም ጥርሱ እየወለቀ ያለ ልጅ ጥርሱ ሲወልቅ ቢያልም ፍቺ አያስፈልገውም።

ደረጃ 5፦ ስሜቱን በስሙ ይጥሩት

አንድ ዓይነት ምስል ከአምስት ዓይነት ስሜት ጋር ሊመጣ ይችላል፤ የሚፈታውም ምስሉ ሳይሆን ከስሜቱ ጋር ተጣምሮ ነው። «ደስ አላለኝም» አይበቃም። ፍርሃት ነው? ኀፍረት? ሐዘን? ንዴት? እፎይታ? ከ0 እስከ 10 መጠኑን ይስጡት፤ አንዴ በሕልሙ ውስጥ የነበረውን፣ አንዴ ከነቁ በኋላ ያለውን።

ፍርሃትንና ኀፍረትን መለየት በጣም ስለሚከብድ ጥቂት ልቆይበት። ፍርሃትና ኀፍረት ሲነቁ አንድ ይመስላሉ፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ወደ አፍ ይሄዳል። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «በሕልሙ ውስጥ ብቻዬን፣ ማንም በማይደርስበት ቦታ ብሆን ኖሮ ስሜቱ ይቀንስ ነበር?» አዎ ካሉ ኀፍረት ነው፤ ኀፍረት ተመልካች ይፈልጋል፤ ወደ ደረጃ 6 ይለፉ፣ የራስ ምስል ጉዳይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አይቀንስም ካሉ ፍርሃት ወይም ሐዘን ነው። ፍርሃት ገና ያልደረሰ ነገር አለው፤ «ሌላውም ሊወልቅ ነው» ይላል። ሐዘን ደግሞ አልቋል ብሎ የተቀበለ ነው፤ ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ይመለከተዋል። ያጡት ሰው፣ የተዉት ቤት፣ ያለፈ ዕድሜ ካለ ያኔ ይታወሳል።

እፎይታ ካገኙ አይደንግጡ። የበሰበሰ ጥርስ ተነቅሎ እፎይ ያሉበት ሕልም መጥፎ ሕልም አይደለም፤ ምስሉ ስለሚያስፈራ ብቻ ወደ መጥፎዎቹ አይመድቡት።

ደረጃ 6፦ ወደ መስታወቱ

እዚህ የደረሱት «አፍ» ብለው ያልጻፉ፣ ወይም ጽፈውም ስሜቱ ከአፍ ያለፈ የሆነባቸው ናቸው። አራት ጥያቄዎች አሉ፤ መልሳቸውን ባዶ በነበረው ግማሽ ገጽ ላይ ይጻፉ።

ሀ. ማን እያየዎት ነበር? አለቃ፣ የልጅነት ጓደኛ፣ የማያውቁት ሕዝብ፣ ራስዎ በመስታወት? ያ ተመልካች በቁም ሕይወት ምን ብሎ እንዳይፈርድብዎ ነው የሚሰጉት? በስም የማይታወቅ ሕዝብ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፈራጁ ራስዎ ነዎት፤ ፊት ስለሌለው ነው ሕዝብ የሆነው።

ለ. ጥርሱ በወለቀበት ቅጽበት ምን እየሠራ ነበር? ይህ ከሁሉም በላይ ፍሬ ያለው ጥያቄ ነው። ጥርስ ይነክሳል፣ ያኝካል፣ ድምፅ ያወጣል፣ በፈገግታ ይታያል። ሲናገሩ ከወለቀ «ምን ማለት አቅቶኛል?» ብለው ይጀምሩ። ሲስቁ ወይም ፎቶ ሲነሱ ከሆነ ስለ መልክ ይጠይቁ። አንድን ነገር ሲነክሱ ከሆነ ስለ አቅም፣ «ከአቅሜ በላይ የያዝኩት ምንድን ነው?» ይበሉ። ምንም ሳይሠራ በራሱ ከረገፈ ስለ ዕድሜና ስለ ጊዜ ማለፍ ይጠይቁ። እነዚህ መልሶች አይደሉም፤ የጥያቄ መነሻዎች ናቸው። «ሲናገሩ ከወለቀ ይህ ማለት ነው» ብሎ የሚያስቀምጥ ዝርዝር ካገኙ ይዝጉት።

ሐ. ምን አደረጉ? በእጅ ሸፈኑት፣ በምላስ ደግፈው ያዙት፣ ዋጡት፣ መልሰው ሊተክሉት ሞከሩ፣ ለሰው አሳዩት? ሰው በሕልሙ የሚያደርገው ነገር በቁሙ ከሚያደርገው ብዙ አይርቅም። ጉድለቱን በቀን የሚሸፍን ሰው በሌሊትም ይሸፍናል።

መ. ቋንቋዎ ስለ ጥርስ ምን ይላል? ሕልም በሥዕል ያስባል፤ የምንናገረው ፈሊጥ ደግሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሥዕል ነው። አንድ በአንድ ይሞክሯቸው። «ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት» ብለው ዝም ያሉት ነገር አለ? የሰው «ጥርስ ውስጥ ገብቻለሁ» ብለው የሚሰጉት? «ጥርስ ባዳ ነው» እንደሚባለው ልብዎ እያዘነ የሚስቁበት ቦታ አለ? «ጥርሴን የነቀልኩበት» የሚሉትን ሙያ ትተዋል? ወይስ ቃልዎ «ጥርስ አልባ» ሆኖ ማንም የማይሰማው ሆኗል? አንዱ ሲነካዎ ያውቁታል፤ ሰውነት ቀድሞ ይመልሳል። የሚነካ ከሌለ ይለፉት፣ አያስገድዱ።

ይህ ሁሉ አብሮ ሲሠራ እንዲህ ይመስላል። አንድ ሰው አለ እንበል፤ በቅርቡ ሹመት አግኝቷል። በሕልሙ ስብሰባ እየመራ ሳለ የፊት ጥርሱ ይላላል፤ እንዳይታወቅበት በምላሱ ደግፎ መናገሩን ይቀጥላል። ጠዋት መንጋጋው ደህና ነው። ቀናቱን ሲበረብር ትናንት ምንም የለም፤ ከስድስት ቀን በፊት ግን አንድ አሃዝ ተሳስቶ ጠርቶ አንድ ወጣት ባልደረባው አርሞታል። ስሜቱ ኀፍረት፣ መጠኑ 8። ተመልካቾቹ ሁለት ወጣቶች። ጥርሱ እየተናገረ ነበር። ያደረገው መደገፍና መሸፈን ነው። ከፈሊጦቹ የነካው «ጥርሴን የነቀልኩበት» የሚለው ነው፤ ሹመቱ ሃያ ዓመት ከሠራበት ሙያ አውጥቶታልና። አሁን የተበታተነው ነገር ወደ አንድ መስመር መጣ።

ያው ጥርስ፣ ያው መላላት፣ ግን ቤት ውስጥ ብቻዋን በመስታወት ፊት ሆና እያዘነች ያየችው ሴት ሌላ ነገር ነው ያየችው። ከሹመት ጋር አይገናኝም፤ ሐዘኗን ይዛ መጠየቅ አለባት።

ደረጃ 7፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፣ ከዚያ ይፈትኑት

ቅርጹ እንዲህ ነው፦ «በዚህ ሰሞን (ይህን) ሳደርግ፣ (በእነዚህ) ፊት፣ (እንዲህ) ሆኜ እንዳልታይ እሰጋለሁ።» ከላይ ያለው ሰው «ስብሰባ ስመራ፣ በወጣት ባልደረቦቼ ፊት፣ የማላውቀው ነገር እንዳለ ሆኜ እንዳልታይ እሰጋለሁ» ይላል። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚወሰነው አፈታት ሲረዝም ማምለጫ ስለሚያበዛ ነው።

ከዚያ በሦስት ይፈትኑት።

አንደኛ፣ ቀን ያለው ክስተት አለው? በደረጃ 4 ከጻፉት ውስጥ አንዱን በጣትዎ መንካት ካልቻሉ አፈታቱ አየር ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ለጎረቤትዎ ቢነግሩት እሱንም ይገጥመዋል? «ለውጥን እየፈሩ ነው» የሚለው ማንን አይገጥምም? ሁሉን የሚገጥም ልብስ ለእርስዎ አልተሰፋም፤ ይጣሉት። ሦስተኛ፣ በዚህ ሳምንት ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ትንሽ ነገር ያሳያል? የሹመኛው ሰውዬ ነገር ግልጽ ነው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ጊዜ «ይህን አላውቅም፤ አጣርቼ እነግራችኋለሁ» ማለት። አፈታቱ ልክ ከሆነ ይህን ማለት ይከብደዋል፣ ካለው በኋላ ደግሞ ይቀለዋል። ምንም ካልተሰማው አፈታቱ ስቷል፤ ተመልሶ ይፈልግ።

ደረጃ 8፦ ሦስት ሳምንት ይሰብስቡ

በአንድ ሕልም ማንም ራሱን አያውቅም። የጥርሱ ሕልም ዳግም ባይመጣም ዘመዶቹን ይቁጠሩ፦ በሰው ፊት ራቁትን መገኘት፣ ፀጉር መርገፍ፣ በመስታወት ሌላ ፊት ማየት፣ ያልተዘጋጁበት ፈተና፣ ለመናገር ሲሞክሩ ድምፅ አለመውጣት። እነዚህም የሰው ዓይን ያለባቸው ሕልሞች ናቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ከመጡ፣ ተመልካቹም ተመሳሳይ ከሆነ፣ በደረጃ 7 የጻፉት ዓረፍተ ነገር መሠረት አገኘ። የጥርሱ ሕልም የሚመጣው መንጋጋዎ ባመመበት ጠዋት ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ቆንጆውን አፈታት ሰርዘው ወደ ጥርስ ሐኪሙ ይሂዱ። ማዘንዎ አይቀርም፤ እኔም አዝኜ ነበር።

ደረጃ 9፦ ከደጋገመና ካስፈራ መጨረሻውን ይለውጡት

«ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባላል። ስለዚህ ሕልሙ እየተመላለሰ እንቅልፍ ከነሳዎ ከመፍታት ያለፈ ሥራ ያስፈልጋል። ለቅዠት ሕክምና የሚውል አንድ ዘዴ ቤት ውስጥም ሊሞከር ይችላል። በቀን፣ ሙሉ በሙሉ ነቅተው ሳሉ፣ ሕልሙን በአጭሩ ይጻፉ። ከዚያ ከፈለጉበት ቦታ ቆርጠው ሌላ መጨረሻ ይጻፉለት፤ ጥርሱ ተመልሶ ይተከል፣ ተመልካቾቹ አብረው ይሳቁ፣ እርስዎ ያለ ጥርስ ንግግርዎን ይጨርሱ፤ ምርጫው የእርስዎ ነው። ከዚያ አዲሱን ብቻ በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ዓይንዎን ጨፍነው በምናብ ያሳልፉት። አሮጌውን አይደጋግሙ። ቅዠት ተደጋግሞ ሲታይ እንደ ተለመደ መንገድ ይሆናል፤ በቀን የሚለማመዱት አዲሱ መንገድ ሌሊትም ይከፈታል ነው ሐሳቡ። ለውጥ ለማየት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

ሕልሙ በእርግጥ ከደረሰብዎ ድብደባ፣ አደጋ ወይም ጥቃት ጋር የተያያዘ ከሆነ ይህን ብቻዎን አይሞክሩ፤ ከባለሙያ ጋር ይሥሩት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የት ላይ ነው?

ትልቁ ስሕተት ከሕልም መፍቻ ዝርዝር መጀመር ነው። ዝርዝሩን አንብበው ወደ ሕልሙ ሲመለሱ ሕልሙ ዝርዝሩን መምሰል ይጀምራል፤ የላይኛው ይሁን የታችኛው ያልታወሰዎ ጥርስ ድንገት የላይኛው ይሆናል። ለዚህ ነው መጻፍ ከመፍታት የሚቀድመው።

ሁለተኛው ግጥምጥሞሽን መቁጠር ነው። ሕልም አይተው በሳምንቱ የሰሙትን መርዶ ሁሌም ያስታውሱታል፤ አይተው ምንም ያልሆነበትን ሃያ ጊዜ ማን ይቆጥራል? ደብተሩ ይቆጥራል። እውነትነቱን መፈተሽ ከፈለጉ ሕልሙን ባዩበት ቀን «ይህ ይሆናል» ብለው ጽፈው ያስቀምጡና ከወር በኋላ ይክፈቱት።

ሌላው፣ ስለ መልክ የመጣን ሕልም በመልክ ብቻ ለመመለስ መሮጥ ነው። ጥርስ ማስነጣትና ሽቦ ማሠር በራሱ ምክንያት ሊደረግ ይችላል፤ ሕልም አየሁ ብሎ ግን ውሳኔው አይወሰን። ቢያንስ ሦስቱ ሳምንታት ይለፉ።

ወደ ባለሙያ መሄድ ያለብዎ መቼ ነው?

ቅዠቱ በየሳምንቱ እየቀሰቀሰዎ መተኛት መፍራት ከጀመሩ። በቀን ውስጥ ረጅም ሰዓት በመስታወት ፊት የሚያጠፉ፣ ሌላው ሰው እምብዛም የማያየው የጥርስ ወይም የፊት ጉድለት ከሰው እያራቀዎ ከሆነ፤ ይህ የታወቀና ሕክምና ያለው ችግር ነው፣ ጥርስን በማስተካከል ብቻ አይድንም። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ደግሞ ሦስት ሳምንት አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩና ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ሌላ ሰው የጥርስ ሕልሙን ቢነግርዎስ?

ይህን መመሪያ ካነበቡ በኋላ መጠየቅዎ አይቀርም። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚባለው ያስፈራል፤ የተናገሩት ቃል የሰውየው ሕልም አካል ሆኖ ይቀራልና። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሞንታግ ኡልማን ለሕልም ቡድኖች ያወጣው ደንብ ይጠቅማል፤ «ሕልምህ ይህ ማለት ነው» አይበሉ፣ «ሕልሙ የእኔ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይሰማኝ ነበር» ይበሉ። ሰውየው ሊቀበለውም ሊጥለውም ነፃ ነው። ነገር ግን እሱንም ከማለትዎ በፊት፣ ጠዋት ሲነቃ መንጋጋውን አሞት እንደነበር ይጠይቁት።